ብሩ ማንን አስጠጋ?

ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ከማሞቂያው አጠገብ አልጠፋም። ፍላስኩ ውስጥ ግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ አለ። 90 ሚሊግራም ሲልቨር ናይትሬት ሟሙቶበታል፤ ለዓይን ግን ከውሃ አይለይም። አንድ በመቶ የሆነ የሶዲየም ሲትሬት ብጥብጥ አዘጋጅቼ 10 ሚሊሊትሩን በፒፔት ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ለጥቂት ደቂቃዎች ምንም አይታይም። ከዚያ ቀጭን ሻይ የመሰለ ቢጫ ብቅ ይላል፤ ቢጫው እየጠነከረ፣ ውሃው እየደፈረሰ ይሄድና ሰዓቱ ሲሞላ አጓት ይሆናል። አጓት ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፤ አረንጓዴ ያዘለች ያቺ ድፍርስ ቢጫ ናት።

ድፍርሱ ብር ነው። ብር ስል የኪሱን ማለቴ አይደለም፤ የአንገት መስቀሉን፣ የጠገራውን ብር ነው። ከመድቀቁ የተነሳ ከሺህ በላይ ቅንጣት ጎን ለጎን ቢደረደር የአንዲት ፀጉር ውፍረት ቢሞላ ነው። ነጭና አብረቅራቂ የምናውቀው ብር እንዲህ ሲደቅ ቢጫ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። ማይክል ፋራዴይ በ1857 ወርቅን እንዲሁ አድቅቆ ቀይ ፈሳሽ አውጥቶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው)። ከእጁ የወጡት ብልቃጦች ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ዛሬም አሉ።

የእኔ የብር አሠራር ሊ እና ማይዝል የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በ1982 ያሳተሙት ነው። ሲያነቡት የወጥ አሠራር ይመስላል፤ አፍላ፣ ጨምር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እንደፈላ አቆየው። ሙያውን የተማርኩት ውጭ አገር፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማትል ከተማ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ በመጀመሪያው ሳምንት ያንኑ ስሠራ ቢጫው ዘገየብኝ። ኬሚካሉን ጠረጠርኩ፤ ውሃውን ጠረጠርኩ፤ በመጨረሻም እጄን ጠረጠርኩ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላብራቶሪው ቴክኒሻን ሲያዩኝ ቆይተው ቴርሞሜትር አመጡና ፍላስኩ ውስጥ ከተቱት። «ይኸው፣ 92» አሉኝ። ወረቀቱ «አፍላ» ሲል 100 ዲግሪ ማለቱ ነበር፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የደጋ ልጅ ሆኜ፣ ሽምብራ ቆላ ቶሎ ደጋ ዘግይቶ እንደሚበስል እያወቅኩ፣ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን አልቆጥርም፤ ቀለሙን ነው የምጠብቀው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ነገሩ አበቃ። የቀዘቀዘውን መልሶ ማፍላት ይቻላል፤ የሚወጣው ግን ትልቅና ትንሹ የተደበላለቀ፣ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ የሚናገር ብር ነው። ይደፋል።

ከማፍላቱ በፊት እጥበት አለ። እናቴ የጠላ ጋኗን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና ካልሆነ ጠላ አትጠነስስበትም ነበር። እኔ ወርቅ የተሠራበትን ብርጭቆ በአኳ ሬጂያ አጥባለሁ፤ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ። ብር የተሠራበትን ግን በናይትሪክ ብቻ ነው የማጥበው፤ አኳ ሬጂያ ብሩን ነጭ ክሎራይድ አድርጎ ብርጭቆው ላይ ይለጥፈዋልና። ይህን የሚነግር መጽሐፍ እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ሁለት ፍላስክ ካበላሸሁ በኋላ ነው የገባኝ። ከባለፈው የቀረች የብር ልጣጭ ለአዲሱ እርሾ ትሆናለች፤ አዲሱ ብር በራሱ ጊዜ ከመወለድ ይልቅ እሷ ላይ ይከመራል። ለጠላ እርሾ ደግ ነው፤ ለእኛ መርዝ።

ይህ ሁሉ ልፋት ሞለኪውልን ለማናገር ነው። ብርሃን ሞለኪውል ላይ ሲያርፍ፣ ከሚበተነው ውስጥ አብዛኛው በመጣበት ቀለም ይመለሳል። እጅግ ጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህሉ የሚባለው፣ ሞለኪውሉን አንቀጥቅጦ፣ ከጉልበቱ ትንሽ ትቶ፣ ቀለሙን ለውጦ ይመጣል። መንቀጥቀጡ የየሞለኪውሉ የራሱ ስለሆነ የቀለሙ ለውጥ እንደ ጣት አሻራ ነው። ራማን የተባለ ሳይንቲስት ከባልደረባው ከክሪሽናን ጋር ይህን ካልካታ ውስጥ በ1928 አሳየ፤ በ1930 የኖቤል ሽልማት ወሰደበት። ነገር ግን ከአሥር ሚሊዮን አንድ ምን ያደርጋል? ናሙናው ጥቂት ከሆነ መሣሪያው የሚሰማው የራሱን ጫጫታ ብቻ ነው።

ብሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚስማማው ቀለም ያለው ብርሃን ሲመጣበት በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድ ምት ይወዛወዛሉ፤ ወረብ ላይ መቋሚያ ይዘው አንድ ላይ እንደሚያዘነብሉ ሊቃውንት። ውዝዋዜው ብርሃኑን ከቅንጣቱ ገጽ ላይ ያጠራቅመዋል። በተለይ ሁለት ቅንጣቶች ሊነካኩ ሲሉ፣ በመካከላቸው በቀረችው አንድ ናኖሜትር በምታህል ስንጥቅ ውስጥ፣ ክምችቱ ከመጠን ያልፋል። እዚያ የተገኘ ሞለኪውል መልሱ ሚሊዮን እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ሆኖ ይሰማል። የሥራው ሙሉ ስም ገጽ ያጎላው የራማን ስፔክትሮስኮፒ ነው፤ እኛ ከእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ወስደን ሰርስ እንለዋለን።

ሲጀመርም ምክንያቱ ስቶ ሥራው የሰመረ ነገር ነው። በ1974 እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ፍላይሽማን፣ ሄንድራና ማክኪላን የብር ኤሌክትሮድን በኤሌክትሪክ እየሸረሸሩ አሻከሩት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ሻካራ ገጽ ሰፊ ነው፣ ሰፊ ገጽ ብዙ ፒሪዲን (የሚለኩትን ሞለኪውል) ይይዛል፣ ብዙ ፒሪዲን ብዙ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ መጣ። በ1977 ግን አሜሪካ ውስጥ ዣንሜርና ቫን ዱይን፣ እንግሊዝ ውስጥ አልብሬክትና ክራይተን፣ ተነጋግረው ሳይሆን በየፊናቸው ሒሳቡን ሲሠሩት አልገጥም አለ። ገጹ የቱንም ያህል ቢሰፋ መቶ ሺህና ሚሊዮን እጥፍ የሚደርሰውን ጭማሪ ሊያመጣ አይችልም። ያ ፍላይሽማን በ1989 «የኑክሌር ውህደት በጠረጴዛ ላይ አየን» ብለው ዓለምን ካናወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። በመጀመሪያው ማብራሪያው ስቶ ምልክቱ እውነት ሆነለት፤ በሁለተኛው ምልክቱን ሌሎች ደግመው ሊያዩት አልቻሉም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። በዚህ ሙያ መሣሪያው ዝም አይልም። ሌዘሩን ከፍተህ ብሩ ላይ ካሳረፍክ አንድ ነገር ይመልስልሃል፤ ጉብታ ጉብታ ያለው፣ እኛ ፒክ የምንለው፣ ያማረ መስመር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ጥያቄው የመለሰው ማን ነው የሚለው ነው። ብሩ የሚናገረው ጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ሁሉ አይደለምና፤ ወደ ገጹ አስጠግቶ ስላኖረው ብቻ ነው።

ማንን ያስጠጋል? ሰልፈር ያለበትን አጥብቆ ይወዳል፤ የአያቴ መስቀል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠቁረው አየር ላይ ያለችውን ጥቂት ሰልፈር እየለቀመ ነው። ናይትሮጅን ያለበትንም ይቀበላል። ከሲትሬቱ የተነሳ የቅንጣቱ ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ የሆኑ ቀለሞች ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ተማሪ ሁሉ በክሪስታል ቫዮሌትና በሮዳሚን የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን በእነሱ መጀመርን አልወድም፤ ያለ ድካም የመጣ ፒክ ልጁን ያባልገዋል። ስኳር ደግሞ ከፈለግህ ማንኪያ ሙሉ ጨምርበት፣ ብሩ ዞር ብሎም አያየው። የተጠጋው ደግሞ እንደነበረ አይቀርም። ፒሪዲን ብቻውን ሲሆን አንዱ ዋና ፒኩ 991 ላይ ነው፤ ብር ላይ በናይትሮጅኑ በኩል ሲጣበቅ ወደ 1008 ይዘላል። ቁጥሩ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገባ የሞገድ ብዛት ነው፤ ለእኛ ግን እንደ ቤት ቁጥር ሆኗል፤ «ከ991 ወደ 1008 ተዛወረች» እንላለን። ያቺ የ17 ቁጥር ዝውውር ሞለኪውሏ በቅርብ አልፋ እንዳልሄደች፣ ብሩ ጋ ቤት እንደያዘች የምትመሰክር ናት።

ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ሳታልል። ተማሪ ሳለሁ የተሰጠኝ ሥራ በፍራፍሬ ልጣጭ ላይ የሚቀር ታይራም የሚባል የሻጋታ መድኃኒትን መፈለግ ነበር። ታይራም ለብር የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ መሃሉ ላይ ሁለት ሰልፈሮች ተያይዘዋል፤ ብሩን ሲያገኝ እዚያ ላይ ለሁለት ይሰበርና እያንዳንዱ ግማሽ ይጣበቃል። 1380 አካባቢ ትልቅ ፒክ ያወጣል። ታይራሙን አሥር እጥፍ አቀጠንኩት፤ ፒኩ አለ። አሥር እጥፍ ደግሜ አቀጠንኩት፤ አለ። እንደገና። ፒኩ ቁመቱ እንኳ አልቀነሰም። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ እኔ ግን ደስታ አላስተኛኝ አለ። ከማንም በታች የሆነ መጠን ለካሁ ብዬ ለእናቴ ሳይቀር ስልክ ደወልኩ።

አማካሪዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩና «ብላንኩስ?» አሉ። ብላንክ የምንለው ታይራም ያልነካው ባዶ ናሙና ነው። ነበረኝ፤ ንጹሕ ነበር፤ አሳየኋቸው። «ይህን በምን ውስጥ አቆየሽው?» አሉኝ። ለካ ብላንኩን ከፍላስኩ በቀጥታ ቀድቼ ወዲያው ነበር የለካሁት። ናሙናዎቹን ግን የላስቲክ ውታፍ ባላቸው ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ አሳድሬያቸዋለሁ። በዚያው ማታ ንጹሑን ውሃ በዚያው ብልቃጥ፣ በዚያው ውታፍ ዘግቼ አሳደርኩ። በማግስቱ ብር ጨምሬ ሌዘሩን ስከፍት 1380 ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

ታይራምና ወንድሞቹ ላስቲክን በሰልፈር ለማጠንከር ሲፈለግ ማፍጠኛ ሆነው ይጨመራሉ። እኔ ከፍራፍሬ የምፈልገው መድኃኒት ከውታፉ ይፈስ ነበር። መሣሪያው አልዋሸኝም፣ ብሩም አልዋሸኝም፤ ያስጠጋውን በትክክል ነግሮኛል። ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብላንክ ናሙናው ያለፈበትን ሁሉ ያላለፈ ከሆነ ብላንክ አልለውም፤ ያው ብልቃጥ፣ ያው ክዳን፣ ያው ጓንት፣ ያው አዳር።

ስለ ጨው ሳልናገር ባልፍ ሙያውን የሚያውቅ ይታዘበኛል። አጓት የመሰለው ብር ዝም ብሎ ብዙ አያጎላም፤ ቅንጣቶቹ እየተገፋፉ ተራርቀው ይኖራሉ፤ ያቺ ስንጥቅ የለችም። ጥቂት የገበታ ጨው ስትጨምርበት መገፋፋቱ ይደክምና መጠጋጋት ይጀምራሉ። ዓይኔን ከኩቬቱ፣ ከመለኪያዋ ትንሽ ብርጭቆ፣ አላነሳም። ቢጫው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ አመድ ያዘለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ግራጫ። መለካት ያለብኝ አመዱ ሲገባ ነው። ዘግይቼ ከሆነ ጥቁር ብናኝ ከታች ይዘቅጥና ከላይ ውሃ ይቀራል፤ ከዘቀጠ ብር የሚወጣ ስፔክትረም የለም። ጨው በዛ ማለት ይህ ነው። አነሰ ማለት ደግሞ ጠዋት ጨምረህ ከሰዓትም ቢጫ ሆኖ መጠበቅ ነው። መጠኑን መጽሐፍ አይሰጥህም፤ የዛሬው ብር ከትላንቱ ብር ጨው የመቻል አቅሙ ይለያል። ስለዚህ በየጥንስሱ በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ እሞክራለሁ፤ ሰከንድ ቆጣሪ እይዛለሁ፤ ያገኘሁትን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ጨው ተጨምሮ ናሙና ይከተል ወይስ ናሙና ተጨምሮ ጨው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጨው ክሎራይድ ራሱ ብሩ ላይ ቦታ ይይዛል፤ ቀድሞ የገባ ነው የሚቀመጠው።

የተጠጋውን አውቀን እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ፓራ አሚኖታዮፌኖል የሚባል ሞለኪውል አለ፤ በአንድ ጫፉ ሰልፈር፣ በሌላው ናይትሮጅን፣ ለሰርስ ሰዎች የቤት ልጅ የሆነ። ብር ላይ ሲቀመጥ ብቻውን ሳለ የማይታዩ ፒኮች 1140፣ 1390 እና 1432 ላይ ያወጣል። ጃፓን ውስጥ ኦሳዋና ባልደረቦቹ በ1994 ምክንያቱን ከብረቱ ወደ ሞለኪውሉ ከሚሻገር ኤሌክትሮን ጋር አያያዙት፤ ማብራሪያው የረቀቀ ነበር፤ ለዓመታት ሁላችንም ተማርነው፣ አስተማርነውም። በ2010 ግን በቻይና የሻመን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒኮቹ የዚያ ሞለኪውል አይደሉም አሉ። ሌዘሩ ሲያርፍባቸው ብር ላይ አጠገብ ለአጠገብ ያሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ በናይትሮጅናቸው ይጋባሉ፤ የምናየው አዲሱን ውህድ ነው። ለማየት ያበራነው መብራት የሚታየውን ሠራው።

ያንን ሥራ ያነበብኩ ቀን አልተናደድኩም ብል ውሸት ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ግማሽ ምዕራፍ በዚያ ማብራሪያ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ግን ደብተሬን አውጥቼ አየሁ። የሌዘሩን ጉልበት ባሳደግኩ ቁጥር 1432 እንደሚያድግ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ፤ አጠገቡ «የመሣሪያው ጸባይ ይሆናል» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ማንኛውንም ናሙና መጀመሪያ ሌዘሩን እስከ ታች ዝቅ አድርጌ አያለሁ፤ ከዚያ ከፍ። ዝቅ ሲል የነበረው ከፍ ሲል ቅርጹን ከለወጠ እጄን ከኪቦርዱ አነሳለሁ። 1350 እና 1580 አካባቢ ሁለት ወፍራም ጉብታዎች ካበቀለማ ጉዳዩ አልቋል፤ ያ ከሰል ነው፤ ናሙናዬን አቃጥዬዋለሁ።

ይህን ያህል ኢምንት መጠን ለካሁ እያሉ የሚፎክሩ ጽሑፎችን ሳነብ የምጠራጠረውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በ2008 ድሎት የተባለ ሳይንቲስት ቡድን አሜሪካ ውስጥ ብር በተለበጠ ገጽ ላይ የተቀመጡ ሞለኪውሎችን እንደየቦታቸው ቆጥሮ ነበር። ከሚሊዮን ቦታ 63ቱ ብቻ፣ ብርሃኑ እጅግ የሚከማችባቸው እነዚያ ስንጥቆች፣ ከጠቅላላው ምልክት 24 በመቶውን ይሰጣሉ። እስቲ አስበው፤ ከሚሊዮን ሰው ድምፅ ሩቡን 63 ሰው ከሰጠ ምርጫው የማን ነው? ናሙናውን ትንሽ ሲያንቀሳቅሱት 63ቱ 40 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም 90። በአንድ ጥንስስ፣ በአንድ ቀን የተለካ ቁጥር ለእኔ ወሬ ነው። በሦስት ጥንስስ፣ በተለያየ ቀን፣ ቢቻል በሁለት ሰው እጅ ተለክቶ ሲደጋገም ያኔ እሰማለሁ። መልካም ፈቃድ ያላቸው ገምጋሚዎች ይህን ሲጠይቁኝ እኔም እበሳጫለሁ፤ እነሱን ግን እወዳቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ እናቷ ካዘጋጁት በርበሬ ላይ በእጇ ሮዳሚን ቀላቅላ፣ ቀለሙ ተመልሶ ይገኝ እንደሆነ ስትሞክር ነበር። በርበሬ ከባድ ነው፤ ዘይቱ ብሩን ሸፍኖ ሌላ አያስጠጋም፤ ሁለት ወር ዘይቱን በማስወገድ አልፏል። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ ይምጡ፣ መጣች።»

ሄጄ ስክሪኑን አየሁ። 1358፣ 1507፣ 1647፤ ሦስቱም ቆመዋል።

«ማን ናት የመጣችው?» አልኳት።

ሮዳሚን ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳችና ቀለም ያልነካውን በርበሬ የያዘውን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረደች። ክዳኑን ገልብጣ ውስጡን በጣቷ ልትነካ ስትል ትዝ አላትና ጓንት አጠለቀች። ብር ቀዳች፣ ጨው ጠብ አደረገች፣ ቆጣሪዋን ጫን አድርጋ ቢጫው እስኪገረጣ ኩቬቱን ዓይኗ አጠገብ ይዛ ቆመች።